ሲሲሊ፣ ፓሪስ፣ ኤድንብራ... ድሬስ የታለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ12 ዓመቱ ልጄ ስልኩ ላይ ቼዝ ይጫወታል። «ዛሬ በሲሲሊያን አሸነፍኩ፣ ትናንት በፍሬንች ተበላሁ» ይለኛል። አጀማመሩ በአገር ስም የሚጠራው ለምንድን ነው? አገሮቹ ናቸው የፈጠሩት? የእኛስ የለም? (እናት ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የፈጠረ ሁሉ ስም አያገኝም። ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ ጥቁር በሲ5 ከመለሰ፣ ማለትም በንግሥቲቱ በኩል ካለው ቢሾፕ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ከገፋ፣ ሲሲሊያን ነው። ስሙን ያጸናው ግን በ1813 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሳራት የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ «የሲሲሊ ጨዋታ» የሚል አሮጌ የጣልያን ጽሑፍ አግኝቶ።

ፍሬንችን ለኔ ተዪልኝ፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሳለሁ የለመድኳት እሷን ነው። ጥቁር የንጉሡን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፍቶ ኢ6 ላይ ያቆማል። ችግሯ፣ ያቺ ወታደር በንግሥቲቱ በኩል ያለውን ቢሾፕ መንገድ ትዘጋበታለች። ምስኪኑ ግማሹን ጨዋታ ቤቱ ተቀምጦ ያሳልፋል። ስሟ የመጣው ለንደንና ፓሪስ ከ1834 እስከ 1836 በደብዳቤ ሲጋጠሙ ነው። ፓሪስ በዚች አሸነፈች።

በደብዳቤ ስልሽ አትሳቂ። እኔም ጅቡቲ ካለ ጓደኛዬ ጋር እንዲሁ እጫወት ነበር። እርምጃዬን የሲጋራ ፓኮ ላይ ጽፌ ባቡር ላይ ለሚሠራ ሰው እሰጣለሁ፤ መልሱ በሳምንቱ ከች ይላል። አንዴ ወር ሙሉ ጠበቅኩ። ለካ ሰውዬው አይሻ ወርዶ ሠርግ ቤት ከርሟል፤ የኔ ፈረስ ኪሱ ውስጥ!

ስኮች የሚባለው አጀማመር ደግሞ ያስቃል። በ1750 የጻፈው ዴል ሪዮ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ኤድንብራ ከ1824 እስከ 1828 ለንደንን በደብዳቤ ገጥማ ስታሸንፍ ግን ስሙ ለስኮትላንድ ሆነ። ለንደን ሁለቴ ተሸንፋ ለሁለት አገር ስም አወጣች ማለት ነው። ኋላ ላይ፣ እዚያው ለንደን ከተካሄደው የ1922 የቼዝ ውድድር ወዲህ፣ በራሷም ስም የሚጠራ አጀማመር አገኘች።

የእኛስ? በጥንቱ ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ ብሎ ነገር የለም። ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ ከእጅ እየተጋጨ ማን ለእርምጃ ስም ያወጣል?

ልጅሽን ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዚራ ዛፉ ሥር ላኪልኝ። ነጩን እሱ ይያዝ። እኔ ኢ6 ነኝ አቦ፣ ሌላ አላውቅም።