የኮምፓይለር ዋና ሪሊዝ ዝግጅት፦ ጠይቁ

መላሽ፦ ብራንች (ለሪሊዙ የሚለይ የኮዱ ቅርንጫፍ) ከመቁረጥ ጀምሮ ታርቦል (የሶርስ ኮዱ ጥቅል ፋይል) እስከማውጣት ያለውን ጠይቁ። የትኛው ኮምፓይለር (ሶርስ ኮድን ወደ ማሽን ኮድ የሚተረጉም ፕሮግራም)፣ የትኛው ቨርዥን፣ የትኛው አርክቴክቸር (የፕሮሰሰር ዓይነት) እንደሆነ ያልጠቀሰ መልስ አይጠብቅ።

ፓርሰር፦ ሪሊዙን በቀን እንወስነው ወይስ ያሰብናቸው ፊቸሮች እስኪያልቁ እንጠብቅ?

መላሽ፦ በቀን። ፊቸር መጠበቅ ከጀመራችሁ አንዱ ሲደርስ ሌላው "ትንሽ ቀረኝ" ይላል። ኤልኤልቪኤም የተባለው የኮምፓይለር ፕሮጀክት በዓመት ሁለቴ፣ በጃንዋሪና በጁላይ ብራንች ይቆርጣል፤ የራስት ቋንቋ ኮምፓይለር በየ6 ሳምንቱ ይወጣል፤ ያልደረሰው ለቀጣዩ ይቆያል። ጂሲሲ የተባለው የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ዓመቱን በደረጃ ይከፍለዋል፦ በመጀመሪያው ትልልቅ ለውጥ ይገባል፣ በሦስተኛው ባግ ይስተካከላል፣ በአራተኛው ከሪግሬሽንና ከዶክመንቴሽን በቀር ምንም አይነካም። ልብ በሉ፣ ቀን የሚቆረጠው ለመዝጊያው ነው። መውጫውን የሚወስነው የፒ1 (ሪሊዝ የሚያግዱ) ባጎች ዜሮ መግባት ነው።

ቶክን፦ ፒ1 የሚባለው ምኑ ነው? እኛ ጋ ለዓመታት የቆየ አስቀያሚ ባግ አለ።

መላሽ፦ ለዓመታት ከቆየ ሪሊዝ አያግድም። የሚያግደው ሪግሬሽን ነው፦ ባለፈው ቨርዥን በትክክል ይሰራ የነበረ፣ አሁን የተበላሸ፣ ያውም ዋና በተባለ አርክቴክቸር ላይ። ኮምፓይለሩ ራሱ ክራሽ ቢያደርግ ተጠቃሚው ወዲያው ያውቃል። የተሳሳተ ኮድ አውጥቶ ዝም ቢል ግን ማን ያያል? እሱን አስቀድሙ።

ስታክ፦ መቼ ነው የሚወጣው?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ሊንከር፦ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪያችን ውስጥ አንድ ስትራክት ላይ ፊልድ ልንጨምር ነው። ኤቢአይ (ተገንብተው ያለቁ ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች የሚግባቡበት ስምምነት) ይሰብራል?

መላሽ፦ ተጠቃሚው በራሱ ኮድ የሚፈጥረው ታይፕ ከሆነ፣ አዎ። በድሮው ሄደር (ታይፖችንና ፈንክሽኖችን የሚያስታውቅ ፋይል) ኮምፓይል የሆነው ፕሮግራም የድሮውን መጠን ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል፤ አዲሱ ላይብረሪ ከዚያ አልፎ ይጽፋል። ሊንክ ሲደረግ ምንም ኤረር አይታይም፤ ሜሞሪው ነው የሚበላሸው።

ጂሲሲ 5 በ2015 ያደረገውን እዩ። የ2011ዱ የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ፣ ስትሪንጎች እስኪቀየሩ ድረስ አንድ ሜሞሪ እንዲጋሩ የሚያደርገውን አሰራር ስለከለከለ የታይፑ ቅርጽ የግድ መለወጥ ነበረበት። የላይብረሪውን ቁጥር ሳይቀይሩ ድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን በአንድ ፋይል አስቀመጡ፤ አዲሱን ሲኤክስኤክስ11 በሚል ኔምስፔስ ለዩት። ዲፔንደንሲው (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ሌላ ላይብረሪ) በድሮው፣ ፕሮግራሙ በአዲሱ ከተገነባ ሊንከሩ (የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው መሣሪያ) ሲኤክስኤክስ11 የሚል ያለበትን ሲምቦል (የፈንክሽን ወይም የዳታ ስም) ጠርቶ "አላገኘሁትም" ይላል። እንዲህ ጮኾ መውደቅ ነው የሚፈለገው። መፍትሔው ሁሉንም ዲፔንደንሲ በአንዱ እንደገና መገንባት ነው።

እናንተ ብራንች ከመቁረጣችሁ በፊት ያለፈውን ሪሊዝ ላይብረሪና አዲሱን አቢዲፍ በተባለው የኤቢአይ ማወዳደሪያ መሣሪያ አወዳድሩ። የጠፋ ሲምቦል ካለ ቁሙ። አዲስ ሲምቦል ስትጨምሩ ቀደም ሲል በወጣ የሲምቦል ቨርዥን ስር አታስገቡት፤ አዲስ ቨርዥን ክፈቱለት። ካልሆነ ፕሮግራሙ አሮጌ ላይብረሪ ያለበት ማሽን ላይ በሰላም ይነሳና ያን ፈንክሽን ሊጠራ ሲል መሀል ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ቶክን፦ ለኤቢአይ ይህን ያህል ጥንቃቄ፣ ለሶርስ ኮድ ግን ምንም! ጂሲሲ 14 ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን ኤረር አድርጎ ስንቱን የሲ ኮድ አስቆመ።

ፓርሰር፦ ሲ99 የተባለው የሲ ስታንዳርድ እኮ ነው ያስወጣው። ያን ሁሉ ጊዜ ዋርኒንግ ሲሰጥ አልነበር?

ቶክን፦ ዋርኒንግ ማን ያነባል። ኤፍ-ፐርሚሲቭ የሚለውን ኦፕሽን ሰጥቼ ወደ ዋርኒንግ መለስኩት፣ አለቀ።

ሊንከር፦ አላለቀም። ከቢልድ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትሸው የኮንፊገር ስክሪፕትስ?

መላሽ፦ ከርዕሱ ወጣችሁ። ሊንከር ግን ልክ ነው። ኮንፊገር ፈንክሽን መኖሩን የሚፈትሸው ትንሽ ፕሮግራም ኮምፓይል በማድረግ ነው። ያ ፕሮግራም ሄደር ከጎደለው አሁን በኤረር ይወድቃል፤ ኮንፊገር ደግሞ "ፈንክሽኑ የለም" ብሎ ይመዘግባል። ቢልዱ ያልቃል፣ ፊቸሩ ግን ሳይታወቅ ጠፍቷል። በሁለቱ ቨርዥኖች የወጡትን የኮንፊግ ሄደሮች ዲፍ አድርጉ፤ ዲፋይን የነበረው አንዴፍ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ይበቃል፣ ቀጣይ።

ስታክ፦ አዲሱ በጣም ዘገየብኝ።

መላሽ፦ የትኛው? ምን ላይ? ቨርዥን፣ አርክቴክቸር! ከዋናው ብራንች የገነባኸው ጂሲሲ ከሆነ የውስጥ ፍተሻዎቹ በርተዋል፤ በዚያ የተለካ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ቼኪንጉን "ሪሊዝ" ብለህ ገንባና እንደገና ለካ።

ፓርሰር፦ የመጨረሻው ሪሊዝ ካንዲዴት (ከሪሊዙ በፊት ለሙከራ የሚወጣው) ላይ ሪግሬሽን ቢገኝስ?

መላሽ፦ ያመጣውን ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ሪቨርት አድርጉ፣ ማለትም መልሳችሁ አውጡት። በመጨረሻው ሳምንት የሚጻፍ ፓች ሌላ ሪግሬሽን ይዞ ይመጣል። ሪቨርት የማይቻል ከሆነ አዲስ ካንዲዴት ቁረጡና ቴስቱን ከነቡትስትራፑ (ኮምፓይለሩ ራሱን በራሱ መገንባቱ) ድገሙ።

ቶክን፦ ታግ ካደረግን፣ ማለትም ኮዱ ላይ የሪሊዙን ቁጥር ምልክት ካደረግን በኋላ ከሆነስ? ታጉን ብናንቀሳቅሰው?

መላሽ፦ በጭራሽ። ታርቦሉን ያወረደ አውርዷል፣ ፓኬጅ የሚሰሩት ቼክሰሙን (ፋይሉ አለመቀየሩን የሚያረጋግጠውን ቁጥር) መዝግበዋል። ቀጣዩን ቁጥር አውጡ።