የጣና ዓሣ አንቲኦክሲዳንት አለው?

ጥያቄ፦ ሥጋ ከተወደደ ወዲህ ቤታችን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይበላል። ዓሣ በአንቲኦክሲዳንት (ሴሎችን ከጉዳት በሚከላከል ንጥረ ነገር) የበለጸገ ነው ይባላል፤ የጣናውም እንዲሁ ነው? መጥበስስ ጥቅሙን ያጠፋዋል? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በዚህ ስሙ የሚነሣው በይበልጥ ሳልመን ነው። ሥጋውን ሮዝ የሚያደርገው አስታክዛንቲን የተባለ ቀለም ጠንካራ አንቲኦክሲዳንት ነው። የቆሮሶ ሥጋ ነጭ ስለሆነ ይህን ከእሱ አይጠብቁ። ቆሮሶ የሚሰጥዎ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ሴሊኒየም ነው። ሰውነታችን ሴሎችን ከጉዳት የሚከላከሉ ኢንዛይሞች የሚሠራው በሴሊኒየም ነው፤ ለአዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል። ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብ ግን በቆሮሶ ውስጥ ጥቂት ነው።

ሴሊኒየም ማዕድን ስለሆነ እሳት አያጠፋውም። ችግሩ ዘይቱ ላይ ነው። ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ ሙሉውን የሚጠበሰው ዓሣ በየስንጥቁ ዘይት ይመጥጣል፤ ዘይቱ ጠቁሮ አረፋ የሚያወጣ፣ ሲግልም ቶሎ የሚጨስ ከሆነ ደግሞ ተደጋግሞ ስለጋለ ተበላሽቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ ስለ አንቲኦክሲዳንት ባያወራ ይሻላል!

እኛ የምንመክረው ጉላሽ ነው። ለግማሽ ኪሎ ፊሌቶ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፤ በርበሬ፣ ቀጥሎም የተከተፈ ሦስት ቲማቲም ይጨምሩ። ቲማቲም ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ላይኮፒን በዘይት ሲበስል ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ቲማቲሙ ሲሟሟ ዓሣውንና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይክተቱና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉ። በማንኪያ ካማሰሉት ይፈራርሳል፤ ድስቱን ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ምግብ አብዛኛው አንቲኦክሲዳንት የሚገኘው ከወጡ እንጂ ከዓሣው አይደለም።

ጥያቄ፦ ጥሬ ዓሣ በሎሚ አሽተን በአዋዜ እንበላለን። ሎሚው አያበስለውም? (ከዘጌ)

መልስ፦ አያበስለውም። የሎሚው አሲድ ሥጋውን ነጭና ጠንከር ያለ ስለሚያደርገው የበሰለ ይመስላል እንጂ ትል አይገድልም። በጣና ዓሦች ላይ ጥገኛ ትሎች መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል። መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ያብስሉት፤ ቴርሞሜትር ከሌለዎት ብርሃን የሚያሳልፍ መልኩ ጠፍቶ ሥጋው በሹካ ሲነኩት እየተላጠ ሲለቅ በስሏል። በጥሬው የግድ ካሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን መቆየት አለበት፤ ፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሿ የበረዶ ሣጥን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አትቀዘቅዝም። ቅዝቃዜው ደግሞ ትሉን ይገድላል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልምና ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ጥሬውን ከነአካቴው አይቅመሱ።