ከመሳቢያ የተረሳው ወረቀት፦ ታመው ከሥራ ለቀሩ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬም ፒያሳ ቡና ይዤ ስቀመጥ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ህመም ፈቃድ ነው። እንግዲህ ጠይቁኝ። የምመልሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትተዳደሩ፣ ማለትም በብዛት ለግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወገቤን ታምሜ ሁለት ወር ተኛሁ። የሁለተኛው ወር ደመወዝ በግማሽ ገባ። ተበላሁ?

መልስ፦ አልተበላህም። ህመሙ ከሥራ ጋር ካልተያያዘ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ከታመምክበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ጠቅላላው ከ6 ወር አያልፍም። ለመሆኑ ወገብህን ምን ነካው?

ጥያቄ፦ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ሳወርድ ነው የያዘኝ።

መልስ፦ ታዲያ ይኼን አታስቀድምም! በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀረው ስድስት ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈልሃል። ሕክምናውም በአሠሪው ነው፤ እሱ ባያጠፋም። ግን ማስረዳት አለብህ፤ ወገብ ደግሞ ያከራክራል። ያን ቀን አብሮህ ሲያወርድ የነበረው ማን ነው? ሐኪሙስ ካርድህ ላይ «ከባድ ዕቃ ሲያነሳ» ብሎ ጽፏል? ዛሬውኑ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ የሐኪም ወረቀቴን ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ በቴሌግራም ላክሁ። አሁን «አልደረሰኝም፣ ያለ ፈቃድ ቀርተሻል» ይለኛል።

መልስ፦ መልእክቱን እንዳታጠፊው፤ እሱም ማስረጃ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መዝገብ ቤት አስገቢ። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ይውሰዱ፣ በሌላው ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር ጽፈው ማህተም ይምቱልሽ። መሄድ ካልቻልሽ ሰው ላኪ።

ጥፋቴን ልናገር። አንድ ጊዜ የአንድ ሾፌር ወረቀት እኔው መሳቢያ ውስጥ ዘይት ከነካው ፋይል ሥር ተረስቶ ከረመ። ሰውየው ቀርቷል ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣበት። ያዳነው በእጁ ያለው ኮፒ ላይ ያረፈችው ማህተም ናት። እኔን ማን ያምነኝ ነበር?

ጥያቄ፦ ቤቴ ድረስ መጥተው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። ስትድኚ እንመልስሻለን ይላሉ።

መልስ፦ ኧረ እንዳትፈርሚ! በቃል የተባለውን ማን ይመሰክርልሻል? «አንብቤ እመልሳለሁ» ብለሽ ወረቀቱን አስቀሪ። የሚያማክርሽ ካጣሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የተኛሁበትን ከዓመት ፈቃዴ ቀነሱት።

መልስ፦ አይሆንም። ዓመት ፈቃድ ላይ ሆነህ ብትታመም እንኳ ህመሙ በህመም ፈቃድ ነው የሚያዘው።

ጥያቄ፦ የጉዳት ክፍያ እየተቀበልኩ አራዳ ገበያ የሚስቴን ሱቅ ብጠብቅስ?

መልስ፦ ወንበር ላይ መቀመጥና ጆንያ መሸከም ይለያያል። ሆን ብለህ መዳንህን የሚያዘገይ ነገር ከሠራህ ወይም ሐኪም ፊት አልቀርብም ካልክ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ጎንደር ደግሞ ትንሽ ናት፤ ጆንያውን ሳታወርደው ወሬው ቢሮ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሥራ ላይ የተጎዳው እግሬ ከእንግዲህ አይሠራም ተብያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። የጉዳትህን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ እዚያ እንዲልኩህ በጽሑፍ ጠይቅ። ጡረታ የሚቆረጥልህ ከሆነ ጉዳይህ በጡረታ ሕጉ ይታያል። ካልሆነና ጉዳቱ ዘላቂ ሙሉ ነው ከተባለ የዓመት ደመወዝህ አምስት እጥፍ ይከፈልሃል፤ ከፊል ከሆነ እንደ መቶኛው። ያለ አግባብ ካሰናበቱህና ወደ ሥራዬ ልመለስ ካልክ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ አቅርብ። ሽማግሌ እየላኩ ስንቶቹ ጊዜው አልፎባቸዋል።