መልስ፦ የአባቴ ደረት ላይ የታየው ዕጢ ነው ወይስ ሲስት?

ሰላም እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። የሲቲ ስካን ሪፖርቱ ላይ «45 ሃውንስፊልድ፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል» የሚለውን አይተሽ እንደደነገጥሽ ጽፈሻል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም።

ሃውንስፊልድ የእፍጋት መለኪያ ነው። ውሃ 0 ነው፤ ቀጭን ፈሳሽ የቋጠረ ሲስት (ከረጢት) ከ0 እስከ 20 አካባቢ ይሆናል። ችግሩ፣ ከአየር ቧንቧ አጠገብ የሚገኝ ሲስት ብዙ ጊዜ እንደ ንፍጥ የወፈረ ነገር ይይዛል። ፕሮቲን ወይም ደም ሲኖርበት ቁጥሩ ይወጣና ሥጋ ይመስላል።

ዋናው ነገር ኮንትራስቱን (ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠውን አዮዲን ያለበት ፈሳሽ) መሳቡ ወይም አለመሳቡ ነው። ዕጢ የደም ሥር ስላለው አዮዲኑን ይስባል፤ የሲስት ፈሳሽ አይስብም። አባትሽ የተነሱት ከኮንትራስት በኋላ ብቻ ከሆነ ማወዳደሪያ የለም ማለት ነው። ዱዋል ኢነርጂ ሲቲ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ዓይነት የኤክስሬይ ጉልበት ስለሚያነሳ አዮዲኑን ለይቶ በቀለም ያወጣዋል። የሲስቱ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ግድግዳው ቀጭን ቀለበት ሊመስል ይችላል። ግድግዳው ወፍራምና ወጣ ገባ ከሆነ ግን ውስጡ የሞተ ዕጢም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በደንብ ይየው። ማሽኑ ካልተገኘ ኤምአርአይ ጥሩ አማራጭ ነው።

አንድ ነገር አደራ። አባትሽ ከበግና ከውሻ ጋር የኖሩ ከሆነ፣ በመርፌ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው። የሃይዳቲድ ሲስት (ከውሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚፈጥረው ከረጢት) ከሆነ ሲበሳ አደገኛ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።