ሁለት ዘበኛ ለአንዲት ጠባብ ቤት

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 እና 2 ጊጋ ባይት ራም ነው ያለው። ሁለት ጸረ ቫይረስ ከጫንኩበት ወዲህ አንድ ማመልከቻ እስኪከፍት ቡናው በረካ ይደርሳል። የትኛው ይቀለዋል?

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለቱንም ያስወግዷቸው። አንዱን ፋይል እየተሻሙ ሲፈትሹ ነው ማሽኑን ያደከሙት። ዲፌንደር የሚባለው ጸረ ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ሌሎቹ ሲነሡለት ራሱ ሥራ ይጀምራል፣ ለእርስዎም ይበቃል። ሙሉ ፍተሻውን ለምሳ ሰዓት ያድርጉት። የቫይረሱ ዋና በር የደንበኛ ፍላሽ ነው፦ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ሆነው ከታዩ አይክፈቷቸው፣ መጀመሪያ ያስፈትሹ። ደንበኛው ይቸኩላል፤ ይቸኩል! ገንዘብ ሲገኝ ራሙን 4 ያድርሱት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (ነጻው የደኅንነት ማሻሻያ) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ የባንክ ጉዳይዎን በዚህ ማሽን ባይሠሩበት እመርጣለሁ።