ሐዲዱን ሳታመሳክሩ «ወንዙ ሸሸ» አትበሉ

ቅየሳና ካርታ ሥራ ለምትማሩ የባሕር ዳር ወጣቶች፦

አሮጌ ካርታ በሳተላይት ምስል ላይ ደርባችሁ ልዩነት ባያችሁ ቁጥር «መሬቱ ተለወጠ» ለማለት ትቸኩላላችሁ። በጣና ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የአዋሽን ሸለቆ የ1 ለ50,000 ካርታዎች ዘርግታችሁ ዓይናችሁን አሠልጥኑ፤ እዚያ እንደ ወንዝ ከቦታው የማይሸሽ የጅቡቲው ባቡር መስመር አለና።

ይህ መስመር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ ነው። ጥቁሩን የሐዲድ መስመር ከቡናማዎቹ ኮንቱሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኙት መስመሮች) ጋር ስትከታተሉት፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይደፍር፣ ኮንቱሮቹ በተጠጋጉበት ሁሉ ሲጠማዘዝ ታገኙታላችሁ። ሐረር ከተራራው ላይ ቀርታ ድሬዳዋ ከግርጌው የተቆረቆረችውም ስለዚህ ነው።

አሮጌዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አድንዳን በተባለው ዳተም (የቦታዎች መጋጠሚያ በሚለካበት መነሻ) ሲሆን፣ የስልካችሁ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሌላ ዳተም ነው። ሳይቀይሩ የደረቡት ካርታ ሁሉን ነገር 200 ሜትር ገደማ ያንሸራትታል (ኮምፒውተሩም ምንም አይላችሁም)። ሐዲዱና የአዋሽ ድልድይ ከወንዙ ጋር አብረው ከተንሸራተቱ ስሕተቱ የደራቢው ነው፤ እነሱ ገጥመው ውኃው ብቻ ካልገጠመ ግን ለውጡ እውነት ነው። በ2016 የተመረቀውን፣ ስፋቱ 1.435 ሜትር የሆነውን አዲስ ሐዲድ ከ1 ሜትሩ አሮጌ ሐዲድ ጋር እንዳታምታቱ።

መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ በዚህ መንገድ መርምሩት። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ፣ አስፋልቱንም አሮጌውን ሐዲድም አስግቷል። ከመስኖ የሚሰርገው ውኃ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ካርታ መስፋፋቱን ያሳያችኋል እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ጣና ዳር ሐዲድ ስለሌለ በቦታው የደሴት ገዳማትንና አሮጌውን የዓባይ ድልድይ ማመሳከሪያ አድርጉ። የጨረጨራ ግድብ በ1996 ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን ስታነጻጽሩ፣ ካርታው የታተመበትን ዘመን ሳይሆን ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዓመትና ወር ፈልጉ፤ ሐይቁ ከክረምት በኋላ ሞልቶ በግንቦት ይጎድላልና። ዘጌ ላይ ዳርቻው ቁልቁል ስለሆነ የወራቱ ልዩነት እምብዛም አይታይም፤ ሜዳማው ፎገራ ላይ ግን ጥቂት የውኃ ከፍታ ዳርቻውን ርቆ ስለሚወስደው፣ የጥቅምትን ፎቶግራፍ ከግንቦት ጋር አስተያይቶ «ሐይቁ ደረቀ» ብሎ መጻፍ እጅግ ቀላል ነው።