በእንግሊዝኛ ለምትጠይቁም ለምትጠየቁም

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ የምትማረው የእህቴ ልጅ ለሥራ ልምምድ ማመልከቻ ስትጽፍ፣ «ጋሼ፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ‹ፕሊዝ› ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ትእዛዙን ልመና አያደርገውም። እኛ አክብሮታችንን በግሡ ውስጥ እንጨርሳለን፤ «ይላኩልኝ» ያለ ሰው አንቱታውንም ልመናውንም በአንድ ትንፋሽ ተናግሯል። የእንግሊዝኛው «ሴንድ» ግን ለሕፃንም ለአለቃም ያው ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ አክብሮቱን ከግሡ ውጭ ይፈልጉታል፤ ትእዛዙን ጥያቄ ያደርጉታል፣ ጥያቄውንም በኃላፊ ጊዜ መልክ ያርቁታል። ከ«ካን ዩ» ይልቅ «ኩድ ዩ» የሚለሰልሰው፣ «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ» ደግሞ ከሁለቱም የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መምህራኖቻችሁ ስለሚያስተምሯችሁ አላራዝመውም።

የልጅቷ ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ ሌላ ነገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጮቄ ተራራ ግርጌ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ ሳለሁ የቡድናችን መሪ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ በአማርኛ ደብዳቤ አጻጻፋቸው ወረዳው ሁሉ የሚመሰክርላቸው ሰው ነበሩ። ክረምቱ ሳይገባ የእርከኑን መስመር መቀየስ ነበረብን፤ መቀየሻው መሣሪያ ግን ባሕር ዳር በነበሩ አንድ የውጭ አገር አማካሪ እጅ ነበር። መሪያችን በጽሕፈት መኪና፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዩ ሹድ ሴንድ አስ ዘ ሌቭል ቢፎር መንዴይ» ብለው ጻፉ። በልባቸው የነበረው «ከሰኞ በፊት ቢላክልን» የሚል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «ልትልክልን ይገባል» ሆነ።

መልሱ በሾፌር እጅ መጣ፤ «አይ አም አፍሬይድ ዚስ ማይት ቢ ኤ ሊትል ዲፊከልት አት ዘ ሞመንት» ይላል። መሪያችን ጣታቸውን «ኤ ሊትል» ላይ አሳርፈው፣ «ትንሽ ይቸግራል ነው ያለው፤ ትንሽ ከሆነማ ይመጣል» አሉ፤ ሁላችንም ተስማማን። ሰኞ ማለዳ ገበሬዎቹ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው፣ ምሳቸውን ቋጥረው ከተዳፋቱ ላይ ተሰበሰቡ። እስከ ቀትር ጠበቁ። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ፣ «እኛስ የእርሻ ቀን አቃጠልን፤ እናንተ ምን አቃጠላችሁ?» ብለው መሪያችንን ጠየቋቸውና መልስ ሳይጠብቁ ቁልቁል ወረዱ።

ያ ዓረፍተ ነገር ጥርት ያለ እንቢታ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ከእንግሊዛውያን ጋር አንድ ቢሮ ስሠራ ነው። «ኤ ሊትል» እንቢታውን ማለስለሻ ነበር እንጂ የችግሩ መጠን አልነበረም። ያን ጊዜ መሪያችን አርፈው ነበር፤ ሰውየው እንደዋሿቸው አምነው ነው የሞቱት። የሚቆጨኝ ይህ ነው። የሚገርመው ደግሞ እኛ ጎጃሞች ይህንኑ ጥበብ ከልጅነታችን የምናውቀው መሆናችን ነው። በሬ እንዲያውሰን የጠየቅነው ጎረቤት «እስቲ እናያለን፣ እግዜር ያውቃል» ካለን፣ በማግስቱ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ደጁ የሚቆም ሰው የለም። የራሳችንን እንቢታ ከድምፁ እንለየዋለን፤ የሰውን ግን በመዝገበ ቃላት ፈታነው።

መልስ መስጠቱም የራሱ መዘዝ አለው። ዘጌ ላይ አንዲት ቱሪስት ወጣቱን አስጎብኚ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቱክ ኤ ፒክቸር» ብላ ስትጠይቀው፣ በደስታ «የስ፣ የስ!» ሲላት ካሜራዋን ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ አይቻለሁ። የተጠየቀው «ቅር ይልሃል ወይ» ተብሎ ስለነበር ፈቃዱን የሚገልጸው «ኖት አት ኦል» ነበር።

የዛሬ ወጣት ደብዳቤውን ለስልኩ ያስጽፋል፤ ስልኩም ምስጋናና ይቅርታ ስለሚቆልልበት፣ ልጁ የፈለገው ምን እንደሆነ ሦስት አንቀጽ አንብቤም የማላገኝበት ጊዜ አለ። ትሕትና ጉዳይን መደበቅ አይደለም። የሰውን ዓረፍተ ነገር በቃል መሸምደድም አልወድም፤ ይህችን አንዲቷን ግን ሸምድዷት፦ «ሹድ አይ ሜክ አዘር አሬንጅመንትስ?»፤ ሌላ መላ ልፈልግ ወይ እንደማለት ነው። ለስላሳና ድፍን ያለ መልስ ሲመጣላችሁ ይህን ጽፋችሁ ላኩ፤ እንቢ ያለው ሰው ሳያፍር «የስ» ብሎ ይገላግላችኋል።

እናንተ እንቢ ማለት ሲኖርባችሁም «አይ አም አፍሬይድ አይ ካንት» ብላችሁ አንድ ምክንያት ብቻ ስጡ። እኛ የታመመ አጎት፣ የተበላሸ መኪናና የደረሰ ዝክር አከታትለን እንደረድራለን፤ እነሱ ግን ምክንያት ሲበዛባቸው ይጠራጠራሉ። ከዚያ የምትችሉትን ቀን ጨምሩበት፤ «ቡት አይ ኩድ ዱ ኢት ኦን ተርስዴይ» በሉና ሐሙስ ዕለት አድርሱት።